በምርጫ ሰሞን የሚደርስዎትን ወሬ እንዴት ያጣራሉ?

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ያበቃል ተብሎ የነበረውን የድምፅ መስጫ ጊዜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመ። ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ይዞ የዋለና ተራው ገና ያልደረሰ መራጭ ይህን በስልኩ ቢያነብ ሐሰት ሊመስለው ይችል ነበር፤ ሐሰት ነው ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን ድምፁን ያጣል። የዚህ ተቃራኒም እንዲሁ ነው፤ «ለነገ ተላልፏል» የሚል የፈጠራ መልእክት አምኖ ከሰልፍ የወጣ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው የተዘጋ ጣቢያ ነው። ማጣራት ሲባል ብዙዎቻችን ውሸትን ማጋለጥ ብቻ ይመስለናል፤ ለመራጭ ግን እውነተኛውን ዜና በጊዜው ማወቅም የዚያኑ ያህል ያስፈልገዋል። የሰማውን ሁሉ የሚያምንና የሰማውን ሁሉ «ውሸት ነው» የሚል ሰው በድምፅ መስጫው ዕለት ሊደርስባቸው የሚችለው ጉዳት አንድ ነው።

መራጩ ራሱ ለምን ይድከም? ይህ የጋዜጠኞች ሥራ አይደለም ወይ? በከፊል ነው። ሆኖም ድምፅ አንዴ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ «ተሳስቼ ነበር» ተብሎ አይወጣም፤ በተጨማሪም የአንድ ሰፈር ወሬ ጋዜጠኛው ጋ ሳይደርስ ሰፈሩን ሊያዳርስ ይችላል። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት አገልግሎት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ መረጃ የሚገኝበት መንገድ ሲዘጋ ወሬ እንዴት እንደሚነግሥ አይጠፋውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ማጣራት የለመደ ጎረቤት ያለው ሰፈር የተሻለ ይረጋጋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው እርምጃ መልእክቱ ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈልግ ራስዎን መጠየቅ ነው። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት ወይም የምዝገባ ካርድን የሚመለከት ከሆነ በቀጥታ መብትዎን ስለሚነካ ከሁሉ አስቀድመው ያጣሩት። በአንድ ዕጩ ላይ የሚያስቆጣ ወይም አንዱን ማኅበረሰብ በሌላው ላይ የሚያነሣሣ ከሆነ ደግሞ ቁጣው እስኪበርድልዎ ለማንም አያስተላልፉት። ዕጩው የተናገረው ንግግር አሰልቺ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው ክርክር ግን ጊዜዎን አያባክኑ፤ እሱ አስተያየት ነውና አይጣራም።

በእኛ አገር ሐሰተኛ መረጃ ከሚመጣባቸው መልኮች ዋነኛው ደብዳቤ ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ። ክብ ማኅተምና ቲተር ያለበት ወረቀት ስናይ የመታዘዝ ልማድ አለን፤ አሳሳቹም ይህን ያውቃል። በሰፈርዎ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የምርጫ ጣቢያችሁ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሯል» የሚል የደብዳቤ ፎቶ ደረሰ እንበል። በመጀመሪያ ቀኑን ያንብቡ። በዘመን አቆጣጠራችን ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው፤ ከፈረንጁ አቆጣጠር በችኮላ የገለበጠ ሰው «ሰኔ 31» ብሎ ሊጽፍ ወይም ዓመቱን ሊያዛባ ይችላል። ቀጥሎ የወጪ ቁጥሩን፣ ለማን እንደተጻፈና ከግርጌው ግልባጭ ለእነማን እንደተደረገ ይመልከቱ፤ ለማንም ያልተጻፈ ደብዳቤ ሊያጠራጥርዎ ይገባል። ከዚያ ፈራሚውን ያስተውሉ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የ2013ቱን ምርጫ በሰብሳቢነት መርተው በ2015 ዓ.ም. ከኃላፊነት መልቀቃቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ሜላትወርቅ ኃይሉ መተካታቸው የታወቀ ስለሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ቀን የወይዘሪት ብርቱካንን ፊርማ የያዘ የቦርዱ ደብዳቤ ቢያዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

አሁን ማኅተሙን በጣትዎ አጉልተው ይዩት። በእጅ የተመታ ማኅተም አንዱ ጎኑ ጠቆር፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል፤ ፊርማውንና ጽሑፉን ረግጦ ስለሚያልፍም ከሥሩ ያለው ፊደል በቀለሙ ውስጥ ይታያል። በኮምፒዩተር የተለጠፈ ማኅተም ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያው ላይ ከወረቀቱ ትንሽ የሚለይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ጥላ ይኖረዋል። ከዚህ ቀደም የተሰራጨ እውነተኛ ደብዳቤ ካለዎት ያስተያዩት፤ ሁለቱ ማኅተሞች በአንድ ዓይነት ዘመም ብለው፣ የቀለሙ ጉድለት እንኳ በአንድ ቦታ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው፤ የሰው እጅ ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ አድርጎ አይመታምና። የፊደል ግድፈትን ግን ብዙ አይመኑበት፤ «ብሔራዊ»ን «ብሄራዊ» ብሎ የሚጽፍ እውነተኛ ጸሐፊም ሞልቷል።

እነዚህ ምልክቶች ሐሰትን ይይዛሉ እንጂ እውነትን አያረጋግጡም። ሁሉንም ፈተና ያለፈ ደብዳቤ ቢሆን እንኳ ማረጋገጫው ቦርዱ በራሱ ድረ ገጽ ወይም በራሱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ማውጣቱ ነው። ገጹንም ከተላከልዎ ሊንክ ሳይሆን ከድረ ገጹ ተነሥተው ይክፈቱት፤ በቴሌግራም ስምና ዓርማ ማንም መገልበጥ ስለሚችል፣ የሚለየው ከስሙ ሥር ያለው አድራሻ ነው፤ በዚያም ውስጥ አንድ ፊደል ተጨምራ ወይም ተቀይራ ታገኛላችሁ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ የገጹን የግልጽነት መረጃ ቢከፍቱ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ፣ አስተዳዳሪዎቹም በየትኛው አገር እንዳሉ ሊያገኙ ይችላሉ። ትናንት የሙዚቃ ገጽ የነበረ ዛሬ «የምርጫ መረጃ» ከሆነ ይተዉት። ጣቢያው ቅርብ ከሆነ ደግሞ በእግር ሄዶ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብን የሚያህል የለም።

ለፎቶ የጉግል ሌንስ ፍለጋ ይበቃል። ምስሉን አስቀምጠው ሲያስገቡት ከዚህ ቀደም የወጣባቸውን ቦታዎች ያወጣልዎታል፤ ፈልገው የሚያገኙት የመጀመሪያውን ቀን ነው። «ዛሬ በምርጫ ጣቢያ የተነሣ ሁከት» የተባለው ምስል ከዓመታት በፊት የተለጠፈ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ለቪዲዮ አንድ ቦታ ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሡና ያንኑ ያድርጉ፤ የሚያቆሙበትም ቦታ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የደንብ ልብስ ወይም ታርጋ የሚታይበት ይሁን። ታርጋ ላይ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ብቻውን ቦታውን ባያረጋግጥም፣ የሌላ አገር ታርጋ ግን ቪዲዮው ከዚህ አለመሆኑን ወዲያው ሊጠቁምዎ ይችላል።

ድምፅ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በስሎቫኪያ፣ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚካል ሺሜችካ የተባሉ የፓርቲ መሪ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ድምፅ ስለመግዛት ሲነጋገሩ የሚያሰማ የፈጠራ ቅጂ ተሰራጨ። ጊዜው የምርጫ ቅስቀሳና የመገናኛ ብዙኃን ዘገባ የተገደበበት ስለነበር ሐሰትነቱን እንደልብ ማስረዳት አልተቻለም። በእኛም ሕግ ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ቅስቀሳ የማይካሄድባቸው የጥሞና ቀናት ስላሉ፣ በእነዚህ ቀናት «ሾልኮ የወጣ» ተብሎ የሚመጣን ድምፅ ከሌላው ጊዜ በበለጠ ይጠርጥሩት። ንግግሩ መቼ፣ የትና በማን ተቀዳ? ሙሉው የት አለ? ቆረጥ ተደርጎ 20 ሰከንድ ብቻ የሆነ፣ ቀጂውም ያልታወቀ ድምፅ ለውሳኔ አይበቃም።

ውጤትን በተመለከተ መራጩ በእጁ ያለ መሣሪያ አለው። ድምፅ የሚቆጠረው በጣቢያው ሲሆን ውጤቱም ለሕዝብ እንዲታይ በዚያው ይለጠፋል። በ2013 ድምፅ ከተሰጠበት ሰኔ 14 አንሥቶ ቦርዱ ውጤቱን ይፋ እስካደረገበት ሐምሌ 3 ድረስ 19 ቀናት አልፈዋል፤ ለወሬ ሰፊ ጊዜ ነው። በማግስቱ ወደ ጣቢያዎ ሄደው የተለጠፈውን ወረቀት ሙሉው እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ ስለ ሰፈርዎ የሚወራውን ከዚህ ጋር ያስተያዩ። ትንሽ ሂሳብም ይረዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ በዚያን ጊዜ ይፋ የሆነው ግን የ436 መቀመጫዎች ውጤት ነበር፤ በትግራይ ምርጫ አልተካሄደም፣ በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ደግሞ ተላልፎ የተካሄደው በመስከረም 20 ቀን 2014 ነበር። ስለዚህ በሐምሌ ወር «የ547ቱም ውጤት ይኸው» የሚል ሰንጠረዥ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ ሊጥለው ይችል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የወደዱትን ወገን ወሬ ማጣራት ነው። ፌስቡክ በሰኔ 2013፣ ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዘ ነው ያለውን፣ ማንነትን ደብቆ የሚሠራ የአካውንቶችና የገጾች መረብ ማጥፋቱን አስታውቋል። ይህን ስል ተቃዋሚው ወገን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ የመንግሥት ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ልቡ የወደደውን መልእክት ነው ማለቴ ነው። ራስዎ ካልቻሉ ሀቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ የተባሉት መረጃ አጣሪዎች ያጣሯቸውን በአማርኛ ሲያወጡ ስለቆዩ የመልእክቱን ቁልፍ ቃል እዚያ ይፈልጉ።

ሕጉም ማጣራትን ከግምት ያስገባል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ ከፍ ያለ ቅጣት ይደነግጋል፤ ይሁንና እውነትነቱን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ላደረገ ሰው ከተጠያቂነት የሚድንበት በር ትቷል። አዋጁ ሰፊና አሻሚ ነው ብለው የተቹት የመብት ተሟጋቾች አሉ፤ ትችቱም ክብደት አለው። ቢሆንም ከማስተላለፍዎ በፊት ያዩትን ምንጭ ስክሪንሾት አንሥቶ ማስቀመጥ አይጎዳዎትም።

በመጨረሻ፣ ሐሰቱን የላከው የሚያከብሩት ሰው ሊሆን ይችላል። በቤተሰብ ግሩፕ መካከል «ውሸት ነው» ብሎ ማሳፈር ታላቅን ያስቀይማል እንጂ አያሳምንም። ለብቻቸው «ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ ከየት ደረሰዎት? ቦርዱ ገጽ ላይ ፈልጌ አጣሁት» ብለው ይጻፉላቸው፤ ስህተቱን እሳቸው ራሳቸው ሲያርሙት ሰው ይሰማል። ውጭ አገር ላለ ዘመድም ያንኑ ያድርጉ፤ ዋሽንግተን ያለ ወንድም «10 ሰዓት» ሲል በየትኛው አገር ሰዓት፣ በእኛ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ይጠይቁት። የተሳሳቱት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ መልእክቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቴሌግራም ላይ የራስዎን ቢያጠፉም ሌሎች ወደ ሌላ ቦታ ያሻገሩት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነና ከየት እንዳገኙት ጠቅሰው ማስተካከያውን መልእክቱን በላኩባቸው ግሩፖች ሁሉ፣ ጣቢያዎች ሳይከፈቱ በፊት ይለጥፉ።