ቤት ውስጥ ከተነካካ በኋላ ጭራሽ የባሰበት ሞተር ሳይክል

ዘይት ተቀየረ፣ ካንዴላ ተፈታ፣ ፊልትሮ ታጠበ፣ ካርቡራቶር ተጸዳ። ሲነሳ ግን ያስላል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። ከጥገናው በፊት ደህና ነበር? እንግዲያው መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጃችሁ ያረፈበት ቦታ ነው። ያረጀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እናንተ መፍቻ የያዛችሁባትን ቅዳሜ ጠብቆ አይሞትም። አዲስ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የነካካችሁትን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስታውሱ።

እዚህ የማወራው መንገዱን ስለሞላው ዓይነት ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራቶር፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ። ቦክሰሩ፣ ቲቪኤሱ፣ ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዱት የቻይና ሞተሮች። አንድ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ ሞክሩ፤ ካልሆነ ወደነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሦስት ነገር ባንዴ ከነካችሁ የቱ እንዳዳነው ወይም የቱ እንደገደለው አታውቁም።

ሚኒሞው ከፍ ብሎ አልወርድ ሲል

ካርቡራቶር አውርዶ ለመለሰ ሰው ይሄ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚኒሞ ብሎኑን እያላላ ይታገላል። ብሎኑ ግን ጥፋተኛ አይደለም።

መጀመሪያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከተቀየረ የነዳጅ መስጫው ካቦ ተወጥሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ አልፏል። እጀታው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልቅነት እንዲኖረው አድርጉ።

ካቦው ደህና ከሆነ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ጎማና ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ተመልከቱ። እዚያ ጋ ስንጥቅ ካለ ወይም ብሎኑ እኩል ካልጠበቀ ሞተሩ በካርቡራቶሩ ያላለፈ አየር ይስባል። ቤንዚኑ በአየር ብዛት ይሸነፋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከመጠን በላይም ይግላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ ውኃ በትንሹ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኛችሁት። በቤንዚን የሚፈትኑ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው፣ ተዉት። የተሰነጠቀ ጎማ ይቀየራል፤ በማስቲሽ መለጠፍ ለሳምንትም አይሆንም።

ሦስተኛው ምክንያት ያስቃል፣ ግን በተደጋጋሚ ይከሰታል። ካርቡራቶሩ ውስጥ በካቦ የሚወጣውና የሚወርደው ተንሸራታች ተገልብጦ ገብቷል። በታችኛው ጠርዙ ጎደል ብሎ የተቆረጠው ጎን ወደ ፊልትሮው ማየት አለበት። ከተገለበጠ ሞተሩ ገና ሲነሳ ጣሪያ ይነካል። ቶሎ አጥፉት።

ሚኒሞ አይዝም፣ ነዳጅ ሲለቁት ይጠፋል

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾኩን (ለቀዝቃዛ ማስነሻ አየር የሚቀንሰውን) በትንሹ ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከላይ እንዳልነው አየር እየሳበ ካልሆነ የሚኒሞዋ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ያላት ብሎን) ተደፍናለች። ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ናት፤ ታንከሩ ውስጥ የነበረ ዝገት ወይም ካርቡራቶሩን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ክር ይበቃታል።

አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዟት። ክብ ብርሃን ካልታየ በካርቡራቶር ማጽጃ ዘፍዝፋችሁ በኮምፕሬሰር ንፉባት። ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት ነው። በመርፌና በብረት ሽቦ አትጎርጉሯት። ጄቷ ነሐስ ናት፣ ቀዳዳዋ ይሰፋና ቤንዚን እንደበላች ትቀራለች። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትሻላለች።

አጠገቧ ያለችው የድብልቅ ብሎን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከፊልትሮው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ሲያላሏት አየር ይጨምራል። ከሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ሲያላሏት ቤንዚን ይጨምራል። የራሳችሁ የቷ እንደሆነች ሳታዩ አትጠምዝዙ። ከተጫወታችሁባት ቀስ አድርጋችሁ እስክትነካ አጥብቁና አንድ ዙር ተኩል አላሉ። ከዚያ ሞተሩ በሞቀበት ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ ድምፁ በጣም የሚስተካከልበትን ቦታ ፈልጉ። አስገድዶ ማጥበቅ ጫፏን ይጎዳል።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ዳገት ላይ መታፈን

እዚህ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቷል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ብዛት ነው፤ እርጥብና ቅባት ያለው ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ደግሞ ቤንዚን ያንሰዋል።

ስፖንጅ ፊልትሮ አጥባችሁ ዘይት ካጠጣችሁት ጨምቃችሁታል? ዘይት የሚንጠባጠብበት ፊልትሮ አየር አያሳልፍም። ሳይደርቅ የተገጠመም እንዲሁ። ለሙከራ ያህል ብቻ ፊልትሮውን አውጥታችሁ አስነሱት፤ ጭሱ ከቀነሰ መልሱን አገኛችሁ። ያለ ፊልትሮ ግን መንገድ አትውጡ፤ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ቾኩ ሳይመለስ ቀርቶም ይሆናል። ተንሸራታቹ ውስጥ ያለችውን የካርቡራቶር መርፌ የምትይዘው ቅንጥብም ቦታዋን ለውጣ ይሆናል፤ ቅንጥቧ ወደ ታች በወረደች ቁጥር መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይበዛል። ከየትኛው ቦታ እንዳወጣችኋት ካላስታወሳችሁ ከመሃለኛው ጀምሩ። ካርቡራቶሩ ከታች የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ የቤንዚኑን መጠን የሚጠብቀው የተንሳፋፊው መዝጊያ ላይ ቆሻሻ አለ።

ከፍታም መዘንጋት የለበትም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ካርቡራቶር ከፍታ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳም ያንኑ ቤንዚን ሊሰጥ ይሞክራል። ቆላ ላይ ልክ የነበረ ማስተካከያ ደጋ ላይ ጥቁር ሊያጨስ ይችላል። የጉልበት መቀነሱ ግን በማስተካከል ሁሉ አይመለስም፤ የአየሩ ነው።

እየቆራረጠ ሲሄድ፣ በተለይ ከታጠበ በኋላ

ካንዴላው ላይ የሚደፋው ኮፍያ ብዙ ጊዜ ገመዱ ላይ በጥምዘዛ የሚገባ ነው። ስትነቅሉት ገመዱ ላልቶ ይሆናል። ጠምዝዛችሁ አስገቡት፣ ውስጡን አድርቁ፣ ካንዴላው ላይ ጠቅ እስኪል ግፉት። አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪነካ ይገባል፣ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል። የነበረው ከሆነ ከዚያም ያነሰ። የጫፉ ክፍተት በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፣ ካረፈ ይነሳል

ሲጠፋ ወዲያው የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር እስስ ብሎ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ታንከሩን አውርዳችሁ ከነበረ የቤንዚኑ ጎማ ታጥፎ እንደሆነም እዩ። ቤንዚኑን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የገዛችሁት ከሆነ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቅዱና አቆዩት፤ ውኃ ካለበት ከታች ይተኛል።

ባልቦላ (አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን የሞተር በር የሚከፍተውና የሚዘጋው) አስተካክላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በባልቦላውና በመግፊያው መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። የሲጂ 125 ልክ ለሁለቱም ባልቦላዎች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌላው በየራሱ መመሪያ ላይ አለ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ መድረስ ያለበት አየር በሚታመቅበት ዙር ነው፤ ያኔ ሁለቱም የባልቦላ መግፊያዎች በእጅ ሲነኩ ልቅ ናቸው። ማግኔቱ ላይ ያለው የፒስተን ጫፍ ምልክት ገጥሞ አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ክፍተቱ ከጠበበ ባልቦላው ሲግል አይዘጋም። ጠዋት የሚነሳው ሞተር ሲሞቅ ይጠፋል፣ ቆይቶም የጭስ ማውጫው ባልቦላ ይቃጠላል። ክፍተቱ ከሰፋ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሁለቱ ትንሽ ድምፅ ያለው ይሻላል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ አይሄድም

ይሄ የሞተር ድክመት አይደለም፣ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው) ነው። የአብዛኞቹ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ለመኪና የተሠራና ሰበቃ የሚቀንስ ዘይት ከተሞላ ይንሸራተታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ደረጃ ያለውን ሙሉ። የፍሪሲዮኑ ካቦም በጣም ተወጥሮ እንዳይሆን። ካቴና (ሰንሰለት) አጥብቃችሁ ከሆነ ደግሞ የኋላውን ጎማ ከፍ አድርጋችሁ በእጅ አሽከርክሩ፤ በነፃነት ካልዞረ ፍሬኑ ይዟል ወይም ካቴናው ከልክ በላይ ተወጥሯል።

የብረት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ወይም ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ከፍታችሁ ከነበረ ማስነሳቱን ተዉትና እየገፋችሁ ጋራዥ ውሰዱት። ለመካኒኩም የፈታችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ ያፈራችሁበትን ጭምር። ካልነገራችሁት ከባዶ ይጀምራል፣ የሚከፈለውም በእናንተ ኪስ ነው።