ትርጉሙ የተሰወረ የነፍሳት ሳይንሳዊ ስም እንዴት ይፈታል?

መጀመሪያ ስሙን በላቲን ፊደል፣ ካወጣው ሰውና ከታተመበት ዓመት ጋር ሙሉውን ይጻፉት። በግዕዝ ፊደል የሰፈረው አነባበቡን እንጂ አጻጻፉን አይነግርም፤ ፍቺው ደግሞ አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ላይ ይንጠለጠላል።

የበረሃ አንበጣን እንያዝ፦ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ (ፎርስኮል፣ 1775)። ሺስቶሰርካ የወገኑ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈው ምድብ ስም ነው፤ ግሬጋሪያ ደግሞ የዝርያው። ቅንፉ ጌጥ አይደለም፤ ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር እንደተመደበ ያመለክታል። በእርግጥም ፎርስኮል የጻፈው «ግሪሉስ ግሬጋሪዩስ» ብሎ ነው። የአሁኑን የወገን ስም ያወጣው ስቶል ሲሆን፣ ያም በ1873 ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ሐሳብ ሳይወስዱ ለየብቻ ይፍቷቸው። የዝርያው ስም ቅጽል ከሆነ የወገኑን ፆታ ይከተላል፤ «ግሬጋሪዩስ» አንስታይ ወገን ውስጥ ሲገባ «ግሬጋሪያ» የሆነው ለዚህ ነው። የላቲን መዝገበ ቃላት የሚያስቀድመው ተባዕቱን ስለሆነ በ«ያ» ያጡትን በ«ዩስ» ይፈልጉት። ትርጉሙ «የመንጋ፣ በመንጋ የሚኖር» ነው።

የወገኑ ስም ይከብዳል፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ነው። ረጅሙን ቃል ከመጨረሻው ጀምረው ይከፋፍሉት። ፕቴራ ክንፍ፣ ጋስተር ሆድ፣ ፑስ እግር፣ ኮላ ነዋሪ፣ ፌራ ተሸካሚ ነው። መሐል ያለችው አያያዥ አናባቢም ቋንቋውን ትጠቁማለች፦ «ኦ» ከሆነች ብዙ ጊዜ ግሪክ ነው (ሜላን-ኦ-ጋስተር፣ ሆደ ጥቁር)፣ «ኢ» ከሆነች ላቲን (ሜል-ኢ-ፌራ፣ ማር ተሸካሚ)። ግሪክ ከመሰለዎት ወደ ግሪክ አጻጻፉ ይመልሱት፤ የላቲኑን «ሲ» በካፓ፣ «ዋይ»ን በኡፕሲሎን ይተኩ። ይህን ሳያደርጉ የግሪክ መዝገበ ቃላት ቢያገላብጡ ቃሉን አያገኙትም።

ሺስቶስ «የተሰነጠቀ» ማለት ነው። ወጥመዱ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። «ሴራ» ከኬራስ፣ ማለትም ከቀንድ ይመጣል፤ በነፍሳት ስም ብዙውን ጊዜ አንቴናን ያመለክታል። «ሰርካ» ግን ከኬርኮስ፣ ከጅራት ነው። በላቲን ሲጻፉ (cera እና cerca) የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነፍሳቱን ራሱን ይመልከቱ፦ የወንዱ አንበጣ ሆድ ሲያበቃ፣ ከታች በኩል ያለው ሽፋን ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ነው። «ስንጥቅ ጅራት» የሚለው ፍቺ በአካሉ ተደገፈ።

የዝርያ ስም በ«ኢ» ሲያበቃ የሰው ስም ነው ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው። ለወንድ መታሰቢያ የሚወጣ ስም እንዲህ ማብቃቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤሚሲያ ታባሲ «የትምባሆ»፣ ኤደስ ኤጂፕቲ «የግብጽ» ነው። «ኤንሲስ» ቦታን ያመለክታል። የቦታ ስም ግን የነፍሳቱን መነሻ አያረጋግጥም፤ ፔሪፕላኔታ አሜሪካና የሚባለው በረሮ የመጣው ከአፍሪካ ነው።

ኤደስ ራሱ ያሳስታል። በላቲን «ቤት፣ ቤተ መቅደስ» የሚል ተመሳሳይ ቃል አለ፤ ሰው ቤት ለሚገባ ትንኝ ልክ የተሰፋ ይመስላል። የስሙ ምንጭ ግን «ደስ የማይል» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። መግጠሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ግምትዎን ይዘው ስሙ መጀመሪያ ወደወጣበት መግለጫ ይሂዱ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ ብዙዎቹን አሮጌ ሥራዎች በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል፤ በደራሲውና በዓመቱ ይፈልጉ። በዘመናችን ጽሑፎች «የስሙ አመጣጥ» የሚል ንዑስ ርዕስ የተለመደ ነው። በድሮዎቹ ካጡት ደራሲው ያጎላውን ቀለምና የሰውነት ክፍል፣ ነፍሳቱ የተገኘበትን ተክልና አገር፣ የሰብሳቢውን ስም ለቅመው ከፈቱት ቃል ጋር ያስተያዩ። ምንም ካልገጠመ ስሙ እንዲያው የተገጣጠሙ ፊደላት ሊሆን ይችላል፤ የስያሜ ደንቡ ይህን ይፈቅዳል። በ1977 አንድ ተርብ «አሃ ሃ» ተብሎ ተሰይሟል፤ የትኛውም መዝገበ ቃላት አይፈታውም።

ውጤቱን ሲመዘግቡ ደራሲው ራሱ የተናገረውን ከገጽ ቁጥሩ ጋር ያስፍሩ፤ ከቃሉና ከአካሉ የገመቱትን ደግሞ «ግምት» ብለው ለብቻው ያስቀምጡ።