ጌምህን ሰው እየጀመረ ይተወዋል? ችግሩን እዚህ ፈልግ

ድሬዳዋ ውስጥ ጌም መስራት የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚሰራው የባጃጅ ጌም ነው። ምን ይደረግ፣ ከተማው ሙሉ ባጃጅ ነው። ከከዚራ ሰው ጭነህ መጋላ ታወርዳለህ፣ ከመጋላ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ቀፊራ። ስዕሉ ያምራል፣ ድምፁም አለ፣ ጓደኛህ ስልክህን ተቀብሎ ትንሽ ይነዳና «አሪፍ ነው አቦ» ብሎ ይመልስልሃል። ዳግም ግን አይጠይቅህም። ያኔ አብዛኛው ሰው ሮጦ ስዕሉን ማሳመር ይጀምራል። ስዕሉን ለጊዜው ተወው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ግቡና እንቅፋቱ ላይ ነው። ተጫዋቹ ምን ይፈልጋል? ምንስ ይከለክለዋል? ሁለቱ ካልተገናኙ የፈለገውን ያህል ብታቀባባው ጌሙ አይነሳም።

ከታች ችግሮቹን በሚያሳዩት ምልክት ከፋፍዬ አስቀምጫለሁ። ያንተን ፈልግና እሱን አንብብ። ምሳሌዬ ያው ባጃጁ ነው።

«እና አሁን ምን ላድርግ?» ይልሃል

ምክንያቱ፦ ግብ የለም፣ ወይም ግቡ ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ ረጅም ማብራሪያ ጽፈህ ይሆናል። ማንም አያነበውም።

መፍትሄው፦ ግቡ በዓይን ይታይ። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓክማን የሚባለው ጌም ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንገዱ ሁሉ በነጥብ ተሞልቷል፣ በሄድክበት ነጥቡ ይበላል፣ የቀረህን ራስህ ታየዋለህ። የኛው አገር ልጆች የሠሩት ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ላይ ደግሞ የምትሮጠው ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ዶሮ ለምን እንደምትሸሽ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ ግቡን በሦስት ርቀት ክፈለው። ቅርቡ፣ ይህችን ተሳፋሪ አድርስ። መካከለኛው፣ ማታ ለባጃጁ ባለቤት ገቢ አስገባ። ሩቁ፣ የራስህን ባጃጅ ግዛ። ቅርቡ እጅን ሥራ ያስይዛል፣ መካከለኛው ያስቸኩላል፣ ሩቁ ነገ ተመልሶ ጌሙን እንዲከፍት ያደርገዋል። ሁልጊዜ የሚረሳው መካከለኛው ነው። አንድ ሰው አድርሶ ገና ሳንቲም የያዘን ተጫዋች «ባጃጅ ለመግዛት ይህን ያህል ይቀርሃል» ካልከው ስልኩን ያስቀምጠዋል፣ እኔም ብሆን አስቀምጠዋለሁ።

ግቡን ያውቀዋል፣ ይደርስበታልም፣ ግን ያዛጋል

እዚህ ላይ ቆየት እንበል፣ ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው።

ምክንያቱ፦ ፍጥጫ የለም። ብዙ ልጅ ይህን ሲሰማ ጠመንጃ ይጨምራል። ባጃጁ ላይ የሚተኩሱ ሽፍቶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይመጣሉ። ተጫዋቹ ትንሽ ይታኮስና እንደገና ያዛጋል፣ ምክንያቱም ሽፍታውና ተሳፋሪዋ ምንም አያገናኛቸውም። ፍጥጫ ለመፍጠር የግድ ዱላ አያስፈልግም። ወደ ግቡ የሚወስደውን ቀላል መንገድ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ይበቃል። እግር ኳስን እይ። ግቡ ኳሷን መረብ ውስጥ ማስገባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታቅፎ መሮጥ ይቀል ነበር። ሕጉ በእጅ አትንካ አለ፣ ያ ሁሉ ማታለል፣ ያ ሁሉ ቅብብል ከዚያች ክልከላ ወጣ። በ1984 እ.ኤ.አ. የተሰራው፣ ከላይ የሚወርዱ ቁራጮችን የምትደረድርበት ቴትሪስ ውስጥ ደግሞ ጠላት የሚባል ፍጡር የለም። ቁራጩን ያለቦታው ያስቀመጥከው አንተ ነህ፣ ቆይቶ መንገድህን የሚዘጋብህም እሱው ነው።

መፍትሄው፦ እንቅፋቱን ከውጭ አታምጣው፣ ከግቡ ራሱ አውጣው። ተጫዋቹ ብር ይፈልጋል አይደል? ብር ለማግኘት ብዙ ሰው መጫን አለበት። ብዙ ሲጭን ባጃጁ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ትራፊክ ካየው ይቀጣዋል። ትርፍ ሳይጭን ከዋለ ደግሞ ማታ ገቢው አይሞላም። አሁን መንገድ ዳር እጁን የዘረጋ ሰው ሁሉ ራስ ምታት ሆነ። ልጫነው ወይስ ልለፈው? አንድ ጥይት ሳይተኮስ ጌሙ ተነሳ።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ የበለጠ የምወደው። ሁለት ግብ ስጥና እርስ በርስ አጣላቸው። አንዷ ተሳፋሪ ከቀፊራ የገዛችው ቲማቲም እንዳይፈርጥባት «ቀስ በል» ትላለች፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ደግሞ ባቡር ሊያመልጠው ነው፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ እና ሁለቱም የሚከፍሉህ እንደጠየቁህ ካደረስካቸው ብቻ ነው። ይህን ለመሥራት አንድ የፍጥነት ቁጥርና የሁለቱ ተሳፋሪዎች ትዕግሥት ሲያልቅ የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ይበቁሃል።

ጠላት የግድ ካስፈለገህም ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጋቸው። ፓክማን ላይ የሚያሳድዱህ መናፍስት አራት ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ቀዩ በቀጥታ ወዳለህበት ይመጣል። ሮዟ የምታነጣጥረው ከፊትህ ያለውን ቦታ ነው። ብርቱካናማው ሲቀርብህ ይሸሻል። ሳይነጋገሩ የተመካከሩ ይመስላሉ። ያንተም ትራፊኮች አንዱ መስቀለኛው ላይ ይቁም፣ ሌላው በሞተር ይዙር።

«ይሄ ጌም ያጭበረብራል» ብሎ ይዘጋዋል

ጌሙ ከባድ ስለሆነ እንዳይመስልህ። ሰው ከባድ ነገር ይወዳል። ለምን እንደተሸነፈ ስላልገባው ነው።

ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል። ጌምህ ውስጥ ባጃጁ አቋርጣለሁ ብሎ አሸዋው ውስጥ ሲገባ ድንገት ጎርፍ ጠራርጎ ቢወስደው ተጫዋቹ ይናደዳል፣ እውነቱን ነው። ግን እውነተኛውን ጎርፍ አስተውለው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ሊመጣ ይችላል፣ ዝናቡ የሚዘንበው ከበላይ ደጋው ላይ ነውና። ስለዚህ ማስጠንቀቂያህን ከዚያ ውሰድ። መጀመሪያ በደቡብ በኩል ተራራው ላይ ደመናው ይጥቆር። ቀጥሎ ከሩቅ ድምፅ ይሰማ። ቀጥሎ አሸዋው ላይ ያሉ ሰዎች መሮጥ ይጀምሩ። ይህን ሁሉ አይቶ የገባ ሰው ቢወሰድ «ምን ነክቶኝ ነው» ይላል እንጂ አንተን አይሰድብም። አቋራጩ ደግሞ በደንብ ጊዜ የሚቆጥብ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ማን ሞኝ ይገባል።

በነገራችን ላይ ጎርፉን ለሳቅ አታድርገው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ጌምህን ከሚሞክሩት አንዱ የዚያ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሸነፍ ወዲያው እንዲደግም አድርግ። ሽንፈቱን አምኖ ሳለ ማስታወቂያ ካስጠበቅከው፣ ሁለተኛ ዕድል የለህም።

ጨዋታው ሳያልቅ አሸናፊው ይታወቃል

ይሄ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሚጫወተው ጌም ላይ ነው። ምክንያቱ፣ መምራት በራሱ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። መጀመሪያ ሁለተኛ ባጃጅ የገዛው ልጅ በሁለቱ ሠርቶ ሦስተኛ ይገዛል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያዩታል። መሬት እየገዙ ኪራይ የሚሰበስቡበትን ሞኖፖሊ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የተጫወተ ያውቀዋል። የሞኖፖሊ ዘር የሚመዘዘው ሊዚ ማጊ የምትባል አሜሪካዊት በ1904 እ.ኤ.አ. ፓተንት ካስመዘገበችው ጨዋታ ነው። እሷ መሬት የያዘ ሰው በኪራይ ሌላውን እንዴት እንደሚያራቁት ማሳየት ፈልጋ፣ አውቃ ነው እንደዚያ የሠራችው። አንተ እንዲህ ያለ ዓላማ ከሌለህ አስተካክለው።

የእሽቅድምድም ጌሙ ማሪዮ ካርት ከኋላ ለቀረው ሾፌር ጠንከር ያለ ዕቃ ይሰጠዋል። ይሠራል፣ ግን ሲበዛ ጎበዙን መቅጣት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሆን ብሎ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። የኔ ምርጫ ሌላ ነው፣ ቶሎ አስጨርሰው። በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን እይ። አንዱ ከበለጠ ብዙም አይቆይም ያልቃል፣ ተሸናፊው ራሱ ቆርኪውን እየደረደረ «ድገመኝ» ይላል።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ይጫወታል

ሳቢያን ከዚራ፣ ከዚራ ሳቢያን። ሌላውን ሰፈር የሣልከው በከንቱ ሆነ። ያ መስመር ከሁሉም ስለሚያዋጣ ነው። ክፍያውን አትቀንስበት፣ ተጫዋቹ ይቀየምሃል። እዚያ መስመር ላይ ሌሎች ባጃጆች አብዛበት፣ ተራ ይጠብቅ። እውነቱም እንደዚያ ነው።

ግቡን ጨረሰና ጠፋ

ይሄ ሁልጊዜ ችግር አይደለም። ሰው ጨርሶ ቢሄድ ደስ ይበልህ። እንዲቆይ የምትፈልግ ከሆነ ግን ግቡን ራሱ እንዲያወጣ ፍቀድለት። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲምሲቲ ዋናው ጨዋታ ማሸነፊያ የለውም፣ ምን ዓይነት ከተማ እንደምትፈልግ የምትወስነው አንተ ነህ። እንቅፋቱ ግን አልተነሳም። በጀቱ ያልቃል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ፋብሪካው አየሩን ይበክላል። ባጃጁን ከገዛ በኋላም ነዳጅ ሰልፉ፣ ጎማው፣ ትራፊኩ ይቀጥሉ።

የትኛው እንደሆነ ካልለየህ

ስልኩን ለጓደኛህ ስጠውና አፍህን ዝጋ። «እዚህ ጋ ተጫን» እንዳትል። ዓይኑን የት ጋ እንዳነሳ ብቻ ጻፍ። ሲጨርስ «አሪፍ ነው?» አትበለው፣ ጓደኛህ ነው፣ አሪፍ ነው ይልሃል። «ምን ልታደርግ ነበር? ምን ከለከለህ?» በለው። የመጀመሪያውን ካልመለሰ ግቡ አልታየውም። ሁለተኛውን ካልመለሰ እንቅፋት የለህም። «ዝም ብሎ ሞትኩ» ካለ ማስጠንቀቂያው ጎድሏል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ያለ ሰው ግን አታስሞክር። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የተሰበረ ጌምም ይመስጠዋል፣ ደግሞ ሐሳብ ይሰጥሃል፣ ሐሳቡ አያልቅም።

ኮድ ከመንካትህ በፊት ማስተካከያህን በካርቶንና በቆርኪ ሞክረው። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥብህም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ፈልግ። የበፊቱ ሞካሪህ ግቡን አንዴ ስላወቀው፣ አሁን ይታይ አይታይ ሊነግርህ አይችልም።