የጤና ጥናት መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር እንዴት ይሠራል?

ጥናቱ ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ተጨብጭቦለት አቧራ ሲጠጣ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ውጤቱን ከሚጠቀምበት ሰው ጋር የሚገናኘው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር አብሮ ለመሥራት ካሰቡ እንዲህ ቢጀምሩ ይሻላል።

ፕሮፖዛል ሳይጽፉ ይሂዱ። «ምን ላጥናላችሁ?» ካሉ ረጅም የችግር ዝርዝር ተሸክመው ይመለሳሉ። «ለመጪው ዓመት መወሰን ያቃታችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ መልሱ ጠበብ ይላል፦ የትኛው ቀበሌ ይቅደም? ልጆች ክትባት ጀምረው ለምን ያቋርጣሉ?

ከዚያ ቀኑን ያስሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዕቅዱ የሚሰናዳው ደግሞ ከዚያ በፊት። ነሐሴ ላይ የመጣ ግሩም ውጤት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ትልቁ ሥራ ጥናቱ የሚነካቸውን ሰዎች አስቀድሞ መስማት ነው። የወላይታውን እንይ። እዚያ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ብዙ ሰው ያጠቃል። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። በአንዳንድ ቤተሰብ ስለሚበዛ ግን ተመራማሪዎች በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ይኖር እንደሆነ ለማጥናት ፈለጉ። ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል የአካባቢውን ሰው አነጋገሩ። ሰዉ «በዘር ነው» ከተባለ በታማሚ ቤተሰቦች ላይ ያለው መገለል ይብሳል ብሎ ሰጋ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር መጋባት የማይፈልግ ብዙ ነው። ደግሞም ሰዉ የሚያምነው እግሩን ሲንከባከቡለት የኖሩትን የአካባቢውን ሠራተኞች ነበር። የፈቃድ አጠያየቁ ይህን ይዞ ተዘጋጀ። ቢሮ ተቀምጦ ይህን ማን ያስበዋል?

ስብሰባ ሲጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አይርሱ። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ናት። አለቃዋ ፊት ዝም ካለች ለብቻዋ ያናግሯት። የአበል ነገርም ቀድሞ ይነሣ፤ ነውር የለውም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ኃላፊ ይዛወራል፤ ስለዚህ ከጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይመደብልዎ። መረጃው የማን ነው? ውጤቱ የወረዳውን ድክመት ቢያሳይስ? ይህ ሳይነገር ከታለፈ ኋላ ያጣላል።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። በአማርኛ፣ ወላይታ ከሆነ በወላይትኛ። ምን ተገኘ፣ ምን ይደረግ፣ ስንት ብር ይፈጃል። ሦስተኛዋን ብዙ ተመራማሪ ይዘላታል፤ በጀት የሚመድበው ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው።