70 ተማሪ ባለበት ክፍል ንግግር ቀንሶ ማስተማር፦ ከፊሊፒንስ የመጣ አሠራር እንዴት ይሠራል?

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርና አካባቢዋ ለምታስተምሩ የሙያ ጓደኞቼ ነው። 60፣ 70 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ገብታችሁ 40 ደቂቃ ሙሉ ስትናገሩ ቆይታችሁ፣ ጉሮሯችሁ ደርቆ፣ ልብሳችሁ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ስትወጡ «ዛሬ ማን ገባው?» ብላችሁ ለምትጨነቁ። የገባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የተቀመጡት ጥቂት ልጆች ናቸው። ሌላው ሲሰማ ውሎ ይሄዳል። መስማትና መማር ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ለዚህ ችግር ያገኘሁት መላ የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። አገሪቱን በሙሉ እንቅዳ እያልኩ አይደለም። በ2018 በ79 አገሮችና ግዛቶች የ15 ዓመት ልጆች በተፈተኑበት ፒዛ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ፊሊፒንስ በንባብ መጨረሻ ነው የወጣችው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ክፍሉ ጠባብ፣ መጽሐፉ አነስተኛ፣ መምህሩ ጥቂት ነው፤ ችግራቸው ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። እኔ የምላችሁ ግን ቦሆል በምትባል ደሴት ላይ፣ ጃግና በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሠራውን ነው።

ክሪስቶፈር ቤርኒዶና ማሪያ ቪክቶሪያ ካርፒዮ-ቤርኒዶ የሚባሉ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የፊዚክስ ሊቃውንት፣ በ1999 ማኒላ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ትተው ይህን ትምህርት ቤት ሊመሩ ጃግና ገቡ። ገንዘብ የለም፤ ብቁ መምህር እንደልብ አይገኝም። በ2002 «ዳይናሚክ ለርኒንግ ፕሮግራም» የሚሉትን አሠራር ጀመሩ፤ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያልፉት ልጆች ቁጥር ከፍ እያለ መጣ። በ2010 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በእስያ ትልቅ ክብር ያለው ሽልማት ነው።

የአሠራሩ ልብ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ ይሠራል፣ መምህሩ ኋላ ይናገራል። ከክፍለ ጊዜው ከ70 እስከ 80 በመቶው የተማሪው እጅ የሚሠራበት ነው፤ ለመምህሩ ንግግር የሚቀረው ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ከ40 ደቂቃ ውስጥ የእናንተ ድርሻ 10 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ዝም ብሎ መቆም ሥራ የፈታን ያስመስለናል። ግን ልጁ ራሱ ሳይታገል የነገርነው ነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መሣሪያው አንድ ገጽ የሥራ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይኖር ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ጃግና ውስጥ ልጆቹ ሰሌዳው ወይም ትልቅ ወረቀት ላይ የተጻፈውን በራሳቸው እጅ ነው የሚገለብጡት። ከእናንተ የሚጠበቀው ማታ ቤታችሁ ወረቀቱን ማዘጋጀት ነው፣ ከተማሪው ደግሞ አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ።

«ይሄማ ያው ኖት ማስገልበጥ ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለም። እኛ የለመድነው ኖት ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ሞልቶ የሚጠፋ፣ ልጁ ሳያነበው ደብተሩ ውስጥ የሚቀበር ነው። የሥራ ወረቀቱ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል። ሁለት አይሆንም። ሐሳቡ ከስድስት እስከ ስምንት መስመር ይጻፋል፣ አንድ የተሠራ ምሳሌ ይከተላል፣ ከዚያ ወዲያው ሦስት ወይም አራት ጥያቄ። ልጁ የገለበጠውን እዚያው ካልተጠቀመበት ጥያቄውን መመለስ አይችልም። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው።

አንድ ወረቀት በምሳሌ ላሳያችሁ። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ እንበል፣ ርዕሱ አማካይ ፍጥነት። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

ከላይ፦ ስም፣ ክፍል፣ ቀን፣ የወረቀቱ ቁጥር።
ግብ፦ ርቀትና ጊዜ ሲሰጠኝ አማካይ ፍጥነት አሰላለሁ።
ሐሳብ፦ አማካይ ፍጥነት የሚገኘው የተሄደውን ጠቅላላ ርቀት በወሰደው ጠቅላላ ጊዜ በማካፈል ነው። ርቀት በሜትር፣ ጊዜ በሰከንድ ከሆነ፣ መልሱ ሜትር በሰከንድ ይሆናል። መንገድ ላይ ቆመን ያጠፋነው ጊዜም ይቆጠራል።
ምሳሌ፦ አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። አንድ ባጃጅ በ38 ሰከንድ ቢያቋርጠው፣ 380 ሲካፈል ለ38፣ 10 ሜትር በሰከንድ።
ጥያቄ 1፦ አንዲት ተማሪ ይህንኑ ድልድይ በእግሯ በ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አቋረጠች። አማካይ ፍጥነቷ ስንት ነው?
ጥያቄ 2፦ ያ ባጃጅ መሐል ላይ ትራፊክ ይዞት 38 ሰከንድ ቢቆም፣ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል?
ጥያቄ 3፦ በጥያቄ 2 መልሱ ለምን ቀነሰ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ።

ጥያቄዎቹን ልብ በሏቸው። የመጀመሪያው ደቂቃን ወደ ሰከንድ መቀየር ይጠይቃል፤ 380 ሰከንድ ስለሆነ መልሱ 1 ሜትር በሰከንድ ነው፣ ቁጥሩ አይረብሽም። ሁለተኛው «ጠቅላላ ጊዜ» የሚለውን ቃል ሳያነብ የገለበጠውን ልጅ ያጋልጠዋል፤ ያነበበው 5 ይላል፣ ያላነበበው 10 ይላል። ሦስተኛው ከጎረቤት ቢኮረጅም እንኳ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ያስታውቃል። ጥያቄ ስታወጡ እንዲህ እያንዳንዱ የሚይዘው ስህተት ይኑረው። ለአንድ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባችሁ አይቆጫችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ታገኙታላችሁ።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ወረቀቱ ተጽፎ ይጠብቃችሁ። ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጽፎ መለጠፍ ከሁሉ ይሻላል፤ አራት ሴክሽን ብታስተምሩ አራት ጊዜ ጠመኔ አትጨርሱም። ሰላምታ፣ አቴንዳንስ፣ ከዚያ «ጀምሩ» ብቻ። ማብራሪያ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ቲቸር፣ ሳይገባን እንዴት እንሥራ?» የሚል ጩኸት ይነሣል። «ያነበብከውን መስመር አሳየኝ» በሉት። ብዙዎቹ ገና አላነበቡትም። ማንበብ የማይችል ካለም ያኔ ነው የምታገኙት፤ 40 ደቂቃ ስትናገሩ ተደብቆ የኖረ ልጅ ማለት ነው፣ እሱን ለብቻው ልትረዱት ይገባል።

በወንበሮቹ መሐል እየዞራችሁ ተመልከቱ፤ ኮምባይንድ ዴስኩ መተላለፊያ ከዘጋ ቢያንስ በሁለቱ ዳር። የት እንደተሳሳቱ ያዙ። መጨረሻ ላይ ያሏችሁን 10 ደቂቃ በዚያ ስህተት ላይ ብቻ አውሏት። ሁሉንም ለማብራራት አትሞክሩ።

እርማቱስ? 70 ተማሪ በአራት ሴክሽን 280 ወረቀት ነው፣ በየቀኑ ማረም አይቻልም። እኔ የምመክረው መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ እርስ በርስ እንዲተራረሙ፣ እናንተ ደግሞ በየቀኑ ከእያንዳንዱ ሴክሽን 10 ወረቀት ብቻ በደንብ እንድታነቡ ነው። ዘወር ዘወር እያላችሁ ከወሰዳችሁ ሁሉም ይደርሰዋል። ለተከታታይ ምዘና ማርክ መስጠት ካለባችሁ፣ ለተሟላ ወረቀት ጥቂት ነጥብ ስጡ እንጂ መልሱን ብቻ አትመዝኑ። አለዚያ ኩረጃውን ራሳችሁ ትጠሩታላችሁ።

ወረቀቶቹ ወደ ቤት አይሄዱም። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፋይል ይከፈታል፣ በቁጥር ይደረደራል፣ ትምህርት ቤት ይቀመጣል። ፋይል መግዛት ካልተቻለ የካርቶን ክዳንና ክር ይበቃል። የቁጥሩ ጥቅም የሚታየው ልጅ ሲቀር ነው። ፊሊፒንስ አካባቢ በዓመት በአማካይ 20 ገደማ አውሎ ነፋስ ስለሚነሣ ትምህርት መቋረጥ ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ክልላችን ውስጥ ያለፉት ዓመታት ምን እንዳደረጉን እናውቃለን። ከወራት በኋላ የተመለሰ ልጅ «ያለፈህን አንብብ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ፋይሉን ትከፍታላችሁ፤ ከ14 እስከ 22 ያለው የለውም፤ እነዚያን ወረቀቶች ከጓደኛው ገልብጦ ይሠራል። ለእኔ ከአሠራሩ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የጠፋው ትምህርት በቁጥር ይታያል፣ ሊሞላም ይችላል።

የቋንቋው ነገር አለ። የጃግና ልጆች ቤታቸው ሴቡዋኖ ይናገራሉ፣ ሳይንስ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። አገሪቱ ራሷ በዚህ ጉዳይ ስትወዛወዝ ነው የኖረችው፤ ከ2012 ጀምሮ እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ጀምራ፣ በጥቅምት 2024 በወጣ ሕግ ግዴታውን አንስታ ወደ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ተመልሳለች። በበኩሌ ያሳዝነኛል፤ ልጅ ማሰብ የሚጀምረው በእናቱ ቋንቋ ነውና። እኛ ጋ ደግሞ 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንና ልጁ ቃሉን ሲፈታ ሐሳቡ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ዛሬ የተማርከውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ»። ይህ ከጃግና የመጣ አይደለም፤ የእኔ ጭማሪ ነው፤ ግን ልጁ ገብቶት እንደሆነ ከሒሳቡ ይልቅ ይህቺ መስመር ትነግራችኋለች።

ጃግና የቤት ሥራ አይሰጡም። ልጁ ቤቱ ገብቶ ቤተሰቡን ያግዝ፣ ይረፍ ብለው ነው። እዚህም ከትምህርት በኋላ ገበያ የሚውል፣ ታናናሾቹን የሚይዝ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ሥራ የሚገባ ልጅ ሞልቷል። የቤት ሥራ አልሠራህም ብሎ ከክፍል ማስወጣት እሱን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

እዚያ ሦስት ሴክሽኖችን በአንድ ሰዓት አንድ የትምህርቱ ባለሙያ እየተዘዋወረ ሲይዝ፣ በሌሎቹ ክፍሎች ረዳት መምህራን ሥራውን ያስተባብራሉ። የፊዚክስ መምህር ለጠፋበት ገጠር ትምህርት ቤት ይሄ ግሩም ነው፣ ግን የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ስለሚነካ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አይሆንም። እናንተ ከአንድ ሴክሽንና ከአንድ ምዕራፍ ጀምሩ። የትምህርት ዕቅዳችሁ ላይ «የተማሪው ተግባር» የሚለው ሳጥን ውስጥ የወረቀቱን ቁጥር ጻፉ፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ፋይሉን ከፍታችሁ አሳዩት። ምዕራፉ ሲያልቅ ያንን ሴክሽን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፈተና ፈትኗቸውና ውጤቱን ለዲፓርትመንት ባልደረቦቻችሁ አቅርቡ።