ቴስተሩ ዝም ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጎበዝ ቴስተር (ሶፍትዌር ለተጠቃሚ ከመውጣቱ በፊት የሚፈትሽ ባለሙያ) ሥራ ከመልቀቁ በፊት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዝም ይላል። ምልክቱን ቶሎ ካያችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ።

ምልክት፦ የባግ ሪፖርቱ አጠረ
ድሮ ያገኘውን ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው አሁን "ሎግኢን አይሠራም" ብሎ ያልፋል። ስክሪንሾት የለ፣ የብሮውዘሩ ስም የለ።

መንስኤ፦ ሰንፎ እንዳይመስላችሁ። የከፈታቸውን ቲኬቶች (ባግ የሚመዘገብባቸውን) ሄዳችሁ እዩ። አንዳንዱ "እኔ ማሽን ላይ ይሠራል" ተብሎ ተዘግቷል። ሌላው ለወራት ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ለማያነበው ሰው ማን ይለፋል?

መፍትሄ፦ በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ቴስተሩ፣ ኮዱን የሚጽፈው ዴቨሎፐርና የፕሮዳክቱ ኃላፊ ክፍት ባጎችን አብረው ይዩ። የማይስተካከል ካለ በግልጽ "አናስተካክለውም" ይባል፤ ምክንያቱ ደግሞ ቲኬቱ ላይ ይጻፍ። እምቢታ ያናድዳል፣ ዝምታ ግን ሥራውን ያስተዋል። ዴቨሎፐሩም "እኔ ጋ ይሠራል" ከማለቱ በፊት ከቴስተሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይሞክረው። ኮድ እጽፍ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ብዬ የዘጋሁት ባግ ደንበኛ ጋ ደርሶ ተመልሶ መጥቶብኛል። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጠየቅሁም።

ምልክት፦ የባግ ቁጥር በድንገት ጨመረ
ሲታይ ግን አብዛኛው የፊደል ግድፈትና የበተን (የሚጫን ቁልፍ) ቀለም ነው።

ቴስተሩን በባግ ብዛት እየመዘናችሁት ነው። ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሳው ሐሳብ ዛሬ ባጭሩ እንዲህ ይባላል፦ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። ቁጥሩን ተዉትና "የትኛው ባግ ቢያመልጠን ጉድ ይፈላብን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ሪሊዝ (ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚ የሚወጣበት ጊዜ) ሲቃረብ ይነጫነጫል
መንስኤ፦ ኮዱ ዘገየ፣ የሪሊዙ ቀን ግን አልተገፋም። የተበላው የቴስት ጊዜ ነው። ባግ ሲያመልጥ ደግሞ "ቴስተሩ የት ነበር?" ይባላል። ባጉን የጻፈው ሰውስ የት ነበር?

መፍትሄ፦ ቴስተሩ ዕቅድ ሲወጣ ጀምሮ ይኑር። ጊዜ ካጠረ ምን ሳይፈተሽ እንደሚወጣ እሱ ይናገር፤ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ኃላፊው ይወስንና በስሙ ይጻፍ።

ምልክት፦ ተሰላችቷል
ያንኑ ሪግሬሽን (አዲስ ለውጥ የድሮውን እንዳላበላሸ የሚታይበትን ፍተሻ) በእጅ መደጋገም ማንንም ያሰለቻል። ተደጋጋሚውን እንደ ሴሌኒየም ወይም ፕሌይራይት ላለ፣ ቴስቱን በራሱ ለሚያስኬድ መሣሪያ ስጡ። በተረፈው ሰዓት ያለ ስክሪፕት፣ በራሱ ግምት እየተመራ ይፈትሽ። የሥራው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ካለ ግን እሱን ለማስተካከልም ጊዜ መድቡ፤ አለዚያ መሰላቸቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ደሞዝስ?
ከዴቨሎፐሩ እኩል እየሠራ በጣም ያነሰ የሚከፈለው ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስረዳው፣ ደሞዝ ሲያንስ ያስከፋል፤ መሻሻሉ ብቻውን ግን ሥራን አያስወድድም። ከጭማሪው በኋላም ሪፖርቱ አንድ መስመር ከሆነ ወደ መጀመሪያው ምልክት ተመለሱ።