ትልቅ ፋይል በብሮውዘር ስትልኩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ብዙ ሰው የፋይል መላኪያ ገጽ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እስከ ስንት ጊጋ ይወስዳል?» ብሎ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ?» መሆን አለበት እላለሁ። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ባለ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ የሰርግ ቪዲዮ ለሚልክ ሰው፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ስለሚነሳ፣ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይኸው ነው።

ተቋርጦ ከዜሮ ይጀምራል

ምክንያቱ፦ አንዳንድ ገጾች ፋይሉን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ነው የሚልኩት፤ መስመሩ ሲበጠስ እስከዚያ የሄደው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ሌሎቹ ግን ፋይሉን ቆራርጠው ይልካሉ። ኔትወርኩ ሲመለስ ብሮውዘሩ ሰርቨሩን (ፋይሉን የሚቀበለውን የገጹን ኮምፒውተር) «እስከ የት ደርሶሃል?» ብሎ ጠይቆ ከዚያው ይቀጥላል። ቱስ የሚባለው ክፍት ፕሮቶኮል (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚግባቡበት ደንብ) የተሠራው ለዚሁ ነው። ጎግል ድራይቭም ታቡ እስካልተዘጋ ድረስ ይቀጥላል፤ ነፃው 15 ጊጋ ግን ከጂሜይልና ከጎግል ፎቶስ ጋር የጋራ መሆኑን አትርሱ።

መፍትሄው፦ ዋናውን ፋይል ከመላካችሁ በፊት ገጹን ፈትኑት። 200 ሜጋ ገደማ የሆነ ፋይል መጫን ጀምሩ፤ ግማሽ ሲደርስ ዋይፋዩን አጥፉ፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ፐርሰንቱ ካቆመበት ከቀጠለ እመኑት። ወደ ዜሮ ከተመለሰ ወይም ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ከቆመ፣ የፈለገውን ያህል ጊጋ ቢፈቅድ ለናንተ አይሆንም።

ያለው አማራጭ እሱ ብቻ ከሆነ ፋይሉን ሰቨን ዚፕ በሚባለው የፋይል መጭመቂያና መከፋፈያ ፕሮግራም ከፋፍሉት። አንድ ክፍል 1 ጊጋ ይሁን፤ የመጭመቂያውን ደረጃ «ስቶር» (ሳይጨምቅ) ላይ አድርጉት፣ ቪዲዮ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ እንደገና መጭመቁ ጊዜ ከማባከን በቀር አይረባም። መስመሩ ቢቋረጥ የምትደግሙት ያንን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ተቀባዩ ሁሉንም ክፍሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አስገብቶ መጨረሻው 001 የሆነውን በሰቨን ዚፕ ይከፍታል። ራውተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ሰኩት፤ ላፕቶፑም ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉት።

ከታሰበው በላይ ይዘገያል

አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት ሳይሆን የሂሳብ ስህተት ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። የመጫኛ ፍጥነታችሁ 10 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ የሚሄደው 1.25 ሜጋባይት ነው፣ 40 ጊጋ ለመጫን ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የማውረጃውን ሳይሆን የመጫኛውን ፍጥነት ለክታችሁ አስሉ፤ ለደንበኛ ቀጠሮ የምትሰጡትም ከዚያ በኋላ ይሁን። እንደ ስዊስትራንስፈር ያሉት የመላኪያ ገጾች በነፃ እስከ 50 ጊጋ ይቀበላሉ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚጫን ፋይል ማታ ከሥራ ስትወጡ ነው መጀመር ያለበት።

ሊንኩ ይከፈታል፣ ማውረዱ ግን አይጀምርም

ፋይልፒዛን የመሰሉት የመላኪያ ገጾች ሰርቨር ላይ ምንም አያስቀምጡም፤ ፋይሉ ከላኪው ብሮውዘር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል። ላኪው ታቡን ከዘጋ ወይም ላፕቶፑ ከተኛ ሊንኩ ባዶ ነው። ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ከላካችሁ ደግሞ እሱ ማታ ከሥራ ሲመለስ እናንተ ተኝታችኋል። እንዲህ ላለው ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ይሻላል፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዳያወርደው የይለፍ ቃል አድርጉበት።

አንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ግን ቀጥታው ተወዳዳሪ የለውም። ፔርድሮፕ የሚባለውን የቀጥታ መላኪያ ገጽ በሁለቱም ላይ ክፈቱ። የካፌ ዋይፋይ ላይ ካልተያዩ፣ ብዙ ጊዜ ራውተሩ እንግዶችን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ስለሚከለክል ነው። ሁለቱንም የስልካችሁ ሆትስፖት ላይ አገናኙ። ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በዚያው በሆትስፖቱ ስለሚያልፍ ጥቅላችሁን አይበላም፤ የሚበላው ገጹን ለመክፈት የሚሄደው ጥቂት ዳታ ብቻ ነው።

4 ጊጋ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል

ተቀባዩ የሚያስቀምጠው ፋት32 በሆነ ፍላሽ ላይ ይሆናል፤ ይህ ፎርማት 4 ጊጋ የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ያድርገው።

ደርሷል፣ ግን አይከፈትም

መጀመሪያ የባይት መጠኑን አስተያዩ፤ ካነሰ ማውረዱ አላለቀም ማለት ነው። መጠኑ እኩል ከሆነም በሰቨን ዚፕ ሻ256 የሚባለውን የፋይሉን መለያ ቁጥር ሁለታችሁም አውጡና አመሳክሩ። ከፋፍላችሁ ከሆነ የላካችሁት የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር አመሳክሩና ያልገጠመውን ብቻ ድገሙት። ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ አታጥፉ።